ስለ ክር፣ ስለ በከራና ስለ ቤት ውስጥ መሐንዲሶች

በአንድ ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ እንደ ክር የሚናቅ የለም፤ ሲገዛ ዋጋው አያከራክርም፣ ሲጠፋ ፈላጊ አያገኝም፣ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ ተወሳስቦ፣ በመሳቢያ ጥግ ካለቀ ባትሪና ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር ተቃቅፎ ነው። የሜካኒክስ ባለሙያዎች፣ ማለትም ነገሮች ሲጎተቱና ሲገፉ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያጠኑ ሰዎች፣ ግን ክርን በዚህ ዓይን አያዩትም፤ ለእነሱ ክር ጠባዩ ግልጽ፣ ተንኮሉም ጥቂት የሆነ የማሽን ክፍል ነው። ክር ይጎትታል እንጂ አይገፋም፤ ተወጥሮ እስካለ ድረስም በአንድ ጫፉ የተቀበለውን ኃይል፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢጣመም፣ ለሌላው ጫፉ ያደርሳል። ይህን ጠባይ አንዴ የተረዳ ሰው ሁለት ሚስማርና አንድ ባዶ የክር ጥቅልል ሲያገኝ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ በዚህ ጽሑፍ «የቤት ውስጥ መሐንዲስ» የሚባለውም ይኸው ሰው ነው።

የቤት ውስጥ መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ዕድሜ የሚገኝ ሲሆን፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ያገረሸባቸው አባወራዎችም አልፎ አልፎ ይታያሉ። በቤት ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው በሦስት ምልክቶች ነው፤ በመጀመሪያ ከስፌት ሣጥን ውስጥ ጠንካራው ክር ተለይቶ ይሰወራል፣ ቀጥሎ በበሩ መቃን ላይ ማንም «እኔ መታሁት» የማይለው ሚስማር ይበቅላል፣ በመጨረሻም በመተላለፊያው ላይ፣ ልክ በአዋቂ ሰው አንገት ቁመት፣ ለዓይን የማይታይ ክር ይዘረጋል። ቤተሰቡ ሦስተኛውን ምልክት የሚያውቀው በአስተውሎት ሳይሆን በጩኸት ነው፤ ጩኸቱም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ረከቦት ይዛ ከምታልፍ አክስት ሲሆን፣ የሚከተለውም «አንተ ልጅ፣ ይህን ወጥመድህን ሰብስብልኝ!» የሚል ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ ለጊዜው ይከበራል፤ ክሩ ግን በማግስቱ በሌላ ክፍል ይዘረጋል።

ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው በከራ፣ ብዙ ሰው ፑሊ የሚለው፣ በጠርዙ ዙሪያ ቦይ ያለውና በመሐሉ ባለፈ ዘንግ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ነው። በከራ ሁለት ዓይነት ነው። ቋሚው ከላይ ታስሮ ከቦታው የማይነቃነቀው ሲሆን፣ ሥራው የጉተታን አቅጣጫ መለወጥ ብቻ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀልበት ምሰሶ ጫፍ ላይ ያለው የዚህ ዓይነት ነው፣ ተማሪው ወደ ታች ሲስብ ሰንደቁ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ በከራ ከሰንደቁ ክብደት ላይ አንዲት ግራም አይቀንስም፤ ሆኖም አንድ ተማሪ በየጠዋቱ ምሰሶ ላይ እንዳይወጣ ማድረጉ ብቻውን በቂ ውለታ ነው። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ በከራ ነው፤ ይህ ከሸክሙ ጋር ታስሮ አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ ሸክሙ በአንድ ሳይሆን በሁለት የክር ዘርፎች ላይ ይንጠለጠላል፣ እያንዳንዱም ዘርፍ ግማሹን ይሸከማል፣ የሚጎትተው እጅም ግማሹን ብቻ ይከፍላል።

የቤት ውስጥ መሐንዲስ ይህን ትምህርት የሚፈትሸው በስኳር ነው፤ ምክንያቱም ስኳር ክብደቱ በማሸጊያው ላይ ተጽፎ የሚገኝ ብቸኛው የማዕድ ቤት የላቦራቶሪ ዕቃ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በአንድ እርሳስ ላይ ሁለት ባዶ የክር ጥቅልሎች ይሰኩና እርሳሱ ከመደርደሪያው በላይ በሁለት ጫፉ ይታሰራል፤ በሌላ እርሳስ ላይም እንዲሁ ሁለት ይሰኩና ከሥሩ የ1 ኪሎ ስኳር ፌስታል ይንጠለጠላል። የክሩ ጫፍ በላይኛው እርሳስ ላይ ይቋጠራል፤ ከዚያ ክሩ ወደ ታች ወርዶ የታችኛውን አንደኛ ጥቅልል ይዞራል፣ ወደ ላይ ወጥቶ የላይኛውን አንደኛ ይዞራል፣ እንደገና ወርዶ የታችኛውን ሁለተኛ፣ ወጥቶም የላይኛውን ሁለተኛ ከዞረ በኋላ በእጅ ይያዛል። አሁን ስኳሩን ያንጠለጠሉት የክር ዘርፎች ቢቆጠሩ አራት ናቸው፤ ስለዚህ 1000 ግራሙን ለማንሳት የ250 ግራም ያህል ጉተታ ይበቃል ማለት ነው። ይህ የአራት እጥፍ ትርፍ በሜካኒክስ ቋንቋ የመሣሪያ ብልጫ ይባላል፤ በማዕድ ቤት ቋንቋ ግን «ስኳሩን ማን ነካው?» ይባላል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ብዙ ድሮች ኅብረት ነው። በከራ በዚህ ተረት ላይ አንድ ማሻሻያ አድርጓል ቢባል ድፍረት አይሆንም፤ ምክንያቱም በእርሱ ዘንድ ብዙ ድር ማሰባሰብ፣ ስብሰባ መጥራትና ማስማማት አያስፈልግም፣ አንዱ ክር ራሱ ተመላልሶ ከራሱ ጋር ያብራል። ትርፉ ግን በነፃ አልተገኘም። ሥራ ማለት በሜካኒክስ ትርጉሙ ኃይል በርቀት ሲባዛ የሚገኘው መጠን ነው፤ ይህ መጠን በምንም የክር ጥበብ አይቀነስምና ኃይሉ በአራት ሲካፈል ርቀቱ በአራት ይባዛል፣ ስኳሩን ግማሽ ሜትር ከፍ ለማድረግም 2 ሜትር ክር መሳብ ግድ ይሆናል። ስኳሩ ቀስ በቀስ እንደሚሄደው እንቁላል እየተንቀረፈፈ ወደ መደርደሪያው ሲያቀና፣ መሐንዲሱ ክሩን ይዞ የኋሊት እየተራመደ ከማዕድ ቤቱ ይወጣል፤ ማሽኑ ትልቅ ከሆነም ከግቢው ይወጣል።

ይህን የርዝመት ዕዳ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሲራኩስ ይኖር የነበረው አርኪሜዲስ ሰውና ጭነት የሞላበትን ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ብቻውን ተቀምጦ በበከራዎች እየሳበ ንጉሥ ሂየሮንን አስደንቋል። ንጉሡ መደነቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ኃይልን መቶ እጥፍ የሚያበዛ መሣሪያ መርከቡን 1 ሜትር ለማንቀሳቀስ 100 ሜትር ገመድ ማስጎተቱ ስለማይቀር፣ በዚያ ቀን ከንጉሡ ጎን ቆሞ ገመዱን የሚጠቀልል ሰው ቢኖር ኖሮ አድናቆቱን በሌላ ቋንቋ በገለጸ ነበር። ሮማዊው ቪትሩቪየስ በበኩሉ የሕንፃ መሥሪያ ማንሻዎችን ሲዘረዝር ባለ ሦስት በከራውንና ባለ አምስት በከራውን እየለየ ስም ሰጥቷቸዋል፤ ባለ መቶውን ግን አልጠቀሰም፣ ላለመጥቀሱም ጥሩ ምክንያት አለ።

ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ሰበቃ ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንሸራተቱ እንቅስቃሴውን የሚቃወም ኃይል ሲሆን፣ በበከራና በዘንጉ መካከል ቁጭ ብሎ ከሚያልፈው ጉተታ ሁሉ ድርሻውን ይቆርጣል። እያንዳንዱ ጥቅልል ከአሥር አንዱን ያስቀራል ተብሎ ቢታሰብ፣ የመጀመሪያው ዘርፍ 0.9፣ ሁለተኛው 0.81፣ ሦስተኛው 0.73፣ አራተኛው 0.66 ያህል ይደርሳቸዋል፤ ሲደመርም ብልጫው 4 መሆኑ ቀርቶ 3.1 ገደማ ይሆናል፣ ስኳሩም በ250 ሳይሆን ከ320 ግራም በላይ በሆነ ጉተታ ነው የሚነሳው። መሐንዲሱ በዚህ ተናዶ በከራዎቹን አሥር ቢያደርሳቸው የሚያገኘው ከ6 እጥፍ ያነሰ ነው፤ ሺህ ቢደረድር ደግሞ፣ ሂሳቡ እንደሚያሳየው፣ 9 እጥፍን አያልፍም። ስለዚህ በከራ በበከራ ላይ መጨመር ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ብልህ መሐንዲስ አምስተኛ ጥቅልል ከመፈለጉ በፊት ለአራቱ ዘይት ይፈልጋል። ዘይቱንም የሚያገኘው ከማዕድ ቤት ስለሆነ፣ የቤተሰቡ ክስ መዝገብ በአንድ ተጨማሪ ጭብጥ ይዳብራል።

ሆኖም ሰበቃ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ገመድ በአንድ ግንድ ላይ ሲጠመጠም የሚይዘው ኃይል በእያንዳንዱ ዙር የሚጨመር ሳይሆን የሚባዛ ነው፤ ይህን ሕግ በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በቀመር አስቀምጦታል። የሰበቃው መለኪያ 0.3 ቢሆን አንድ ሙሉ ዙር ኃይልን ወደ 6.6 እጥፍ፣ ሦስት ዙር ደግሞ ወደ 285 እጥፍ ያሳድጋል። የበዓል ዋዜማ የቅርጫ በሬ ሲደነብር ጎበዝ ሁሉ ገመዱን ይዞ በደረቱ እየተጎተተ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ገመዱን ተቀብለው በባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥመው በሁለት ጣት ይዘው ሲያወሩ መታየታቸው ከዚህ ቀመር የመጣ ነው፤ ኦይለርን ባያነቡም በሬውን ያውቁታል።

በከራ የሌለበት ገመድ ምን ያህል ክንድ እንደሚጠይቅ ለመረዳት የትግራዩ ደብረ ዳሞ ገዳም ይበቃል። አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ታግዘው እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣው ወንድ ሁሉ ግን 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለውን ገደል የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። እንግዳው አንዱን ገመድ በእጁ እየጨበጠ ግድግዳውን በእግሩ ሲረግጥ፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ሌላውን ገመድ ከላይ ያሉት መነኮሳት ይስባሉ፤ በመሐል የሚያግዝ ጎማ ስለሌለ ከላይ ያሉት ክንዶች የእንግዳውን ክብደት ሳይሸራረፍ ያውቁታል። ከፋሲካ ማግስት የሚሄድ ሰው ይህን ቢያስብበት ለሳቢዎቹ ይራራል።

ክር ሸክም ከማንሳት አልፎ ሐሳብን መያዝ እንደሚችል የታወቀውም ቀደም ብሎ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረው የእስክንድርያው ሄሮን በራሱ የሚንቀሳቀስ የአሻንጉሊት ቴአትር አሠራርን ጽፎ አስቀርቷል። የማሽኑ ጉልበት ከከባድ ሸክም ይመጣል፤ ሸክሙ በደቃቅ ዘር በተሞላ ቱቦ ውስጥ ይቀመጥና ዘሩ ከሥር ቀስ እያለ ሲፈስ ሸክሙ ይወርዳል፣ ሲወርድም በጎማው ዘንግ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ይስባል። ገመዱ በዘንጉ ላይ ባሉ ችካሎች እየታጠፈ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ከተጠመጠመ ጋሪው ወደ ፊት ሄዶ፣ ቆሞ፣ ተመልሶ ይመጣል፤ የአጠማጠሙ ቅደም ተከተል ራሱ የትእዛዝ ዝርዝር ነው ማለት ነው፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ዘንድ ፕሮግራም የሚባለው። የቤት ውስጥ መሐንዲሱ የሄሮን ወራሽ መሆኑ የሚታየው በር በራሱ እንዲዘጋ ባደረገ ቀን ነው፤ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በክር አስሮ፣ ክሩን በመቃኑ ላይ ባለ ጥቅልል አሳልፎ ከበሩ ጋር ያገናኘዋል፣ በሩም ማንም ሳይነካው ይዘጋል። እንግዳ ከነሣህኑ በበሩና በመቃኑ መካከል ሲቀር፣ ጠርሙሱ ሁለት ሊትር መሆን እንዳልነበረበት ይታወቃል።

በአሮጌ ሬድዮ ውስጥ የነበረው ክር ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የታወቀ ምሥጢር ነበር። የጣቢያ መምረጫው ሲዞር መርፌዋ በቁጥሮቹ ላይ የምትንሸራተተው፣ ከኋላዋ በትናንሽ በከራዎች ላይ የሚዞር አንድ ክር ስለሚጎትታት ነው፤ ክሩ በመምረጫው ዘንግ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠመጠመውም የሽማግሌው በሬና ግንድ ሕግ እዚህም ስለሚሠራ ነው፣ እንዳይላላ የሚይዘው ደግሞ አንዲት ትንሽ ሞላ ናት። ክሩ ሲበጠስ ሬድዮው ይናገራል፣ መርፌዋ ግን ቆማ ትቀራለች፤ አባወራው ዜናውን እየሰማ ከየት አገር እንደሚሰማ አያውቅም። ይህን ክር መልሶ መዘርጋት የጠጋኞች የትዕግሥት ፈተና ሲሆን፣ በጥድፊያ የተቋጠረው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ለማስመስከር ከሳምንት በላይ አይቆይም።

እነዚህ ሁሉ ግን በሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ከሚሠራው ሸማኔ ፊት ጀማሪዎች ናቸው። ድሩ፣ ማለትም በቁመት የተወጠረው ክር፣ በሁለት ተንጠልጣይ ማንሻዎች ተከፍሎ ይያዛል፤ ሁለቱ ከላይ በገመድ ስለተያያዙ ሸማኔው አንዱን በእግሩ ወደ ታች ሲስብ ሌላው ወደ ላይ ይወጣል፣ በተከፈተው መሐልም ማጉን የያዘችው መወርወሪያ ታልፋለች። ክር ስለማይገፋ አንዱን ለማንሳት ሌላውን ማውረድ ግድ ነው፤ ሸማኔው ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ አላማረረም፣ ይልቁንም የሥራው ምት አድርጎታል። የቤት ውስጥ መሐንዲሱም አንድ ጥምድ ክር በሁለት አቅጣጫ ማሠራትን ሊማር የሚገባው ከዚህ ነው።

ክር እንደሚደምር ያሳየው ደግሞ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነው። የባሕር ውሃ ሙላትና ጉድለት ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት የሚመነጩ የብዙ ምልልሶች ድምር ስለሆነ፣ አስቀድሞ ማስላት የሒሳብ ሠራተኛን ዓይን የሚያጠፋ ድካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የታቀደው የቶምሰን ማሽን 10 በከራዎችን ደረደረ፤ እያንዳንዱ በከራ የአንዱን ምልልስ ልክ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንድ ጫፉ የታሰረ ቀጭን ሽቦ በሁሉም ላይና ሥር እየተሽሎከለከለ ያልፍና በሌላው ጫፉ ላይ ያለው ብዕር ድምሩን በወረቀት ላይ ይስላል። እ.ኤ.አ. በ1944 ተባባሪ ኃይሎች ኖርማንዲ ሲወርዱ የባሕሩን ከፍታ የተነበዩት እንግሊዝ አገር የነበሩ የዚሁ ዘር ማሽኖች ናቸው። በሁለት ጥቅልልና በአንድ እርሳስ ይህን በትንሹ መድገም ይቻላል፤ የሚሳለው መስመር የባሕር ማዕበል ባይመስልም ሁለት ቁጥር መደመሩ አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የዚሁ ተከታይ ነው። ብስክሌት ሠሪዎቹ የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1899 ክንፍ መጠምዘዝን የሞከሩት በክር በሚታዘዝ ካይት ላይ ነበር፤ በ1903 የበረረው አውሮፕላናቸውም በደረቱ የተኛው አብራሪ ዳሌውን ወደ ጎን ሲያንሸራትት በበከራ ላይ በሚያልፉ ሽቦዎች ክንፎቹ እንዲጠመዘዙ ሆኖ የተሠራ ነው። በዛሬዎቹ የቀዶ ሕክምና ሮቦቶች ጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን መቆንጠጫዎች የሚታጠፉት በሽቦና በበከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና የተጠናቀቀው ባለ 500 ሜትር የሬድዮ ቴሌስኮፕ ደግሞ የመቀበያ ክፍሉን በአየር ላይ የሚያንቀሳቅሰው በ6 ገመዶች ነው። ገመዶቹ ብዙ የሆኑትም ገመድ ስለማይገፋ፣ በየአቅጣጫው የሚስብ ሊኖር ስለሚገባ ነው።

ስለዚህ ስለ ቤት ውስጥ መሐንዲሱ የሚሰጠው ፍርድ ከቤተሰቡ ዐዋጅ ሊለይ ይገባል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ቀላል ማሽኖች የሚባለው ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ በሰሌዳ ላይ ተስሎ፣ በደብተር ተገልብጦ፣ በፈተና ተመልሶ ያልቃል፤ በሰሌዳ ላይ የተሳለ በከራ ግን ሰበቃ የለውም፣ ክሩም አይበጠስም፣ አክስትም አያስጮህም፣ ስለዚህም ተማሪው 4 ብሎ ይጽፋል፣ 3.1 መሆኑን ሳያውቅ ይመረቃል። በ4ና በ3.1 መካከል ያለው ልዩነት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጣት የሚገባ ትምህርት ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ባዶ ጥቅልል፣ እርሳስ፣ ጥቂት ሜትር ክርና አንድ ኪሎ ስኳር ብቻ ነው። ወላጅና መምህር ይህን አይከልክሉ፤ የሚከለክሉት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ክር በመተላለፊያ ላይ አይዘርጋ፣ በተንጠለጠለ ሸክም ሥር ማንም አይቁም፣ የመጀመሪያው ሸክም ደግሞ የሚሰበር ዕቃ አይሁን።